«ሙሉ ዕቃ» የሚባለውን ሚረርለስ ካሜራ ሳትፈትሹ አትግዙ

የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ደሴ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ በቴሌግራም መዞር ይጀምራል። «አዲስ፣ እሽግ፣ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ከነሌንሱ፣ ከነሜሞሪው፣ ከነቦርሳው» ይላል። ሚረርለስ ማለት ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ነው። ዋጋው ከአዲስ አበባው በብዙ ሺህ ብር ያንሳል። ሻጩ ሱቅ የለውም። ደላላ ልኮ ፒያሳ አካባቢ ካፌ ውስጥ ያስረክባል፤ ገዢው ኮምቦልቻ ከሆነም ሐረጎን ወርዶ ያደርስለታል። ገንዘቡ ከገባለት በኋላ ግን ስልኩን የሚያነሳው ሲመቸው ብቻ ነው። ስም እንደ ሸሚዝ ስለሚቀያይር፣ እርሱን ከማሳደድ ዕቃውን ማወቅ ይሻላችኋል።

ዕቃውን ያየሁት በገዢው እጅ ነው። ፎቶ ቤት ለመክፈት የተነሳ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከገንዘቡ ከፊሉ እናቱ ዕቁብ ሲደርሳቸው የሰጡት ነው። የያዘው ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል የሚያነሳ፣ ዛሬም ሠርግ ላይ የማያሳፍር ካሜራ። ሌንሱም የሶኒ ነው፤ ከ16 እስከ 50 ሚሊሜትር። ሁለቱም የፋብሪካው እንጂ ማስመሰያ አይደሉም። ነገር ግን ተመሳሳይ ካሜራ ካለው ጓደኛው ጋር አንድ ሠርግ ያነሱትን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲያጎሉት፣ የእርሱ ቶሎ ይሰባበራል።

ተንኮሉ ያለው ማጣመሩ ላይ ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ 36 በ24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ፉል ፍሬም የሚባለውም ለዚህ ነው። ሌንሱ ግን የተሠራው እንደ ሶኒ አልፋ 6400 ላሉ አነስተኛ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች ስለሆነ፣ የሚያስገባው ብርሃን ትልቁን ሴንሰር አይሸፍንም። ካሜራና ሌንስ የሚገናኙበት መግጠሚያ አንድ ዓይነት በመሆኑ ጠቅ ብሎ ይገባል፤ ካሜራው ደግሞ የሌንሱን ማንነት አውቆ የሴንሰሩን መሐል ብቻ ቆርጦ ይጠቀማል። 24 ሜጋፒክስል የተገዛው ካሜራ በ10 ሜጋፒክስል ይሠራል ማለት ነው። ልጁ ደውሎ ሲጠይቅ ሻጩ «አብሽር፣ ሴቲንግ ነው» አለው። እውነት ነው፣ ሴቲንግ አለው። መቁረጡን ስታጠፉት ግን የፎቶው አራት ማዕዘኖች ይጠቁራሉ። ይህን ሻጩ ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ይህ ካሜራ ከፋብሪካው ከሌንስ ጋር ሲሸጥ አብሮት የሚመጣው ከ28 እስከ 70 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ ነው።

መለያው ቀላል ነው። የሶኒ ፉል ፍሬም ሌንስ ላይ «ኤፍኢ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል፤ «ኢ» ብቻ ከሆነ የትንሹ ሴንሰር ነው። በካኖን «አርኤፍ-ኤስ»፣ በኒኮን «ዲኤክስ» የሚል ካያችሁ የትንሹ ሴንሰር ሌንስ ነው። እነዚህ ሌንሶች መጥፎ አይደሉም። ያ ከ16 እስከ 50 በአልፋ 6400 ላይ ቀላልና ጥሩ ጓደኛ ነው። በደሉ በፉል ፍሬም ዋጋ መሸጡ ነው።

በዚያ ላይ የልጁ ካሜራ ሜኑው በሙሉ ጃፓንኛ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ በርካታ የሶኒ ካሜራዎች ሌላ ቋንቋ የላቸውም፤ ሜኑው ውስጥ ብትፈልጉም አታገኙም። ምስሎቹን እያየ በቃሉ አጥንቶ እየሠራበት ነው፤ ጉብዝናውን አደንቃለሁ፣ ግን ነገ ልሽጠው ቢል ማን ይገዛዋል?

ካኖን የምትፈልጉም አትዘናጉ። ኤም50 አሁንም «አዲስ ሞዴል» እየተባለ ይቀርባል። ይህ ካሜራ ኢኤፍ-ኤም የተባለው መግጠሚያ ነው ያለው፤ ካኖን ፊቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ወደጀመረው አርኤፍ አዙሯል። የኤም50 ሌንስ በአርኤፍ ካሜራ ላይ አይገባም፣ በመሐል የሚገባው አገናኝ፣ አዳፕተሩም፣ አያድነውም። ለቤተሰብ ፎቶ ርካሽ ካገኛችሁት ግዙት፤ ሥራ እያሳደግሁ ሌንስ እጨምርበታለሁ ለሚል ግን መንገዱ የተዘጋ ነው። የድሮው ኢኤፍ ሌንስ በአንጻሩ በአዳፕተር በአርኤፍ ካሜራ ላይ በደንብ ይሠራል። «ይገጥማል» ሲሏችሁ አዳፕተሩ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

ሰው ለምን እንደሚሸወድ ይገባኛል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ካሜራ ዋጋ አልቀመስ ብሏል፤ ርካሽ ሲገኝ ልብ ይቸኩላል። ስለዚህ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት እዚያው ካፌ ውስጥ ሌንሱን ግጠሙ፣ ፎቶ አንሱ፣ የፎቶውን መጠን በሜጋፒክስል አንብቡ። ሻጩ «እሽጉ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል» ካለ ተነሥታችሁ ሂዱ። ካሜራው ሥር ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑንም እዩ። የፎቶ ቁጥሩ ከአንድ መጀመሩ የአዲስነት ማስረጃ አይደለም፣ ማንም ይመልሰዋል።

ያገለገለ ዕቃ አዲስ ተብሎ እንደሚመጣ በማሰብ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ በኤፍ 16 ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ፤ በሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ቀለም ያለው መስመር ወይም የማይጠፋ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ የሠርግ አዳራሽ ሌዘር ያቃጠለው ሊሆን ስለሚችል አትንኩት። በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አሳልፋችሁ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ክረምቱን በጉም ተሸፍና ስለምትከርም፣ ሌንስ ከቦርሳ ሳይወጣ ከከረመ መሻገቱ አይገርምም።

በስጦታ መልክ የሚጨመረውን ሜሞሪ ካርድ ከሥራ በፊት በኮምፒውተር እስከ አፉ ሞልታችሁ ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ። 256 ጊጋባይት የተጻፈበት ሐሰተኛ ካርድ ትክክለኛ አቅሙን ሲያልፍ ፋይል የተቀበለ መስሎ ያጠፋል፤ ሙሽራዋን መልሳችሁ አታጋቧት።

ዕቃው የተሰጣችሁ ያለ ደረሰኝ ከሆነ፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ቢኖርም ክርክሩ ይከብዳችኋል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የካሜራውም የሌንሱም መለያ ቁጥር፣ «አዲስ» የሚለውም ቃል ይጻፍ። አስቀድማችሁ ቀብድ የላካችሁ ካላችሁ የባንኩን ማረጋገጫና የቴሌግራሙን መልእክት አታጥፉ፤ ሻጩ የራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል ዛሬውኑ በምስል አስቀሩትና ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ።