የካቲትን ከወፎቹ ጋር፦ መኪናው፣ ጀልባውና ስካውቱ

የምኖረው ፊንላንድ ነው። እዚያ የካቲት ገና በረዶ ነው። በበጋ ረግረግ ዳር የማያቸው፣ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች ግን ከፊሎቹ ብርዱን የሚያሳልፉት አገር ቤት ነው። ተመራማሪዎች የሳተላይት መከታተያ አስረውላቸው እስከ ኢትዮጵያ ተከትለዋቸዋል። ይህን ካወቅኩ ጀምሮ በአገሬ ላያቸው ስመኝ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ለቤተሰብ ጥየቃ ስመጣ አራት ቀን ለወፎች ለየሁ።

መጀመሪያ ያበሳጨኝ መኪናው ነው። ለአንድ አከራይ ድርጅት በስልክ "11 ሰዓት" አልኩ፤ ከንጋቱ ማለቴ ነበር። ከውጭ ስለደወልኩ በፈረንጅ ሰዓት መዝግበውት፣ ሾፌሩ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከች አለ። ክሬን ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድርና ጎህ ሲቀድ እህል ለመልቀም ወደ እርሻ ይሄዳል። ቢሾፍቱ ጨለለቃ ስንደርስ ያገኘነው ዳክዬ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ "ማታ ለአዳር ይመለሱ የለ? እንጠብቃቸዋለና" አለኝ። ጠበቅን። 12 ሰዓት ገደማ ድምፃቸው ቀድሟቸው መጣ፤ ከሩቅ እንደሚነፋ መለከት ነው። ከዚያ አንገታቸውን አስረዝመው፣ በሰልፍ፣ በጭንቅላታችን ላይ አለፉ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ዝዋይ ላይ ጀልባ ተከራየሁ። ባለጀልባው ጎበዝ ነው፤ ግን ወፎቹ ላይ በሞተር ይገሰግሳል። ራቅ ብሎ እንዲያጠፋው ቀድማችሁ ንገሩት። አባ ኮዳንና ፔሊካንን ለማየት ግን ጀልባም አያስፈልግም። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ እግራችሁ ሥር ይመጣሉ።

ላንጋኖ ዳር ያረፍኩበት ሎጅ ንጹሕ ነው፤ ቁርስ ግን ማልዶ አይደርስም። ማታውኑ አስቋጥሩ።

ከሁሉም የማልረሳው የአብያታ ሻላ ፓርክ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂው ነው። እኔ በሩቅ ማሳያ መነጽር የምፈልገውን እሱ በዓይኑ ብቻ ያገኘዋል። መሬት ላይ የተቀመጠ ጠቆር ያለ ንስር አሳየኝና "ይሄ የእኛ አይደለም፣ እንግዳ ነው" አለ። እውነቱን ነው። የእስያ ሜዳ ንስር ነበር። እነዚህ ንስሮች ከክረምት በኋላ ብዙዎቹ ከየመን በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ተሻግረው ይገባሉ፤ ሲመለሱ ግን መንገድ ቀይረው በሲና በኩል ያልፋሉ። የካቲት የጉዞ ዋዜማቸው ነው።

የአብያታ ውሃ በጣም ሸሽቷል። ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለመስታወት መሥሪያ የሚሆን ኬሚካል) ምርት ብዙ ተስቦበታል። በነጣው ጭቃ ላይ ረጅም መንገድ ስንሄድ ስካውቱ እግር የሚውጠውን ቦታ እያሳየኝ ነበር። ድሮ በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች እዚህ መጥተው ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ። ፍላሚንጎዎቹ አልጌ ስለሚበሉ አሁንም አሉ። ስካውቱ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። ከተተመነው ክፍያ በላይ ሰጠሁት፤ ይገባዋል።

መኪናውን ስመልስ ስለ ሰዓቱ ለድርጅቱ ነገርኳቸው። ሳይከራከሩ የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ሂሳብ መለሱልኝ። እንደገና እከራያቸዋለሁ፤ ያው ሾፌር እንዲመደብልኝ፣ "ከንጋቱ" ብዬም በጽሑፍ።