ነቀዝን ያለ መርዝ ላስቆመችልን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

ቡሬ አካባቢ በቆሎ የሚያመርት ዘመድ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የእናቴን ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ላመሰግን ነው። ስሟን አልጽፍም፤ «ሥራዬ ነው» ብላ ከልክላኛለች።

ነገሩ የነቀዝ ነው። በቆሎው እንደ ሰው ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቆ ይቀመጥ ነበር። በጋው ሲገፋ ጆንያው ስር ዱቄት ይጠራቀማል። ይህን የሚፈራ ገበሬ ገና ጥር ላይ፣ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅ፣ በርካሽ ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ያንኑ በቆሎ በውድ ይሸምታል። ሌላው ነቀዝ የሚገድል መርዘኛ ኪኒን ይጨምርበታል። ከኪኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ እህሉ ያለው ደግሞ የምንተኛበት ቤት ውስጥ ነው!

ልጅቷ ያሳየችን ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ነው። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ ተራ ጆንያ። አንድ ኩንታል ይይዛል። መድኃኒት የለውም። አፉ በደንብ ከታሰረ አየር አይገባም፤ ነቀዙ ውስጥ የቀረውን አየር ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ኋላም ይሞታል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጀመሪያ ለካሜሩን ገበሬዎች ያወጡት መላ ነው።

ከረጢቱን እንኳ ነጋዴም ይሸጠዋል። እኔ የወደድኩላት ችክ ማለቷን ነው። እናቴ ደርቋል ብላ ልትሞላ ስትነሳ «እማማ፣ መጀመሪያ በጨው እንየው» አለቻት። ደረቅ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራ ደህና አድርጋ ናጠችው። ጥቂት ቆይታ ስታየው ጨው ሃይላንዱ ላይ ተለጥፏል። እርጥበት አለው ማለት ነው። እርጥብ እህል ታፍኖ ሲቀመጥ ይበላሻል። በቆሎው ተመልሶ ሸራ ላይ ተሰጣ፤ እናቴም ስትነጫነጭ ዋለች።

ማሰሩም የራሱ ወግ አለው። ላስቲኩን ቀድማ በአየር ነፍታ ቀዳዳ ፈለገች። ከሞላ በኋላ የውስጠኛውን አየር ጨምቃ አስወጣች፣ አፉን ጠመዘዘች፣ አጥፋ በሲባጎ ጥብቅ አደረገችው። ሁለተኛውን እንደዚያው፣ ጆንያውንም እንደዚያው። ከግድግዳ ራቅ አድርጋ እንጨት ላይ አስቀመጠችው። አይጥ ላስቲኩን ከበሳው ልፋቱ ከንቱ ነው። ለሱ ድመት ፈልጉ።

ሐምሌ ላይ ሲከፈት ያገኘነው ጥቂት የሞተ ነቀዝ ነው። ፍሬው እንደገባ ወጣ። እናቴ እፍኝ ዘግና አሸተተች፣ ሁለት ፍሬ ቆረጠመች፣ ከዚያ «በይ ቡና ይፈላላት» አለችኝ። ከእሷ ከዚህ በላይ ምስጋና አይጠበቅም።

ዋጋው ከተራው ጆንያ ይወደዳል፤ ካልተቀደደ ግን ለከርሞም ያገለግላል። ለዕለት የሚፈጨውን ለብቻ አስቀሩ፤ ሁልጊዜ የሚከፈት ከረጢት አየር ያስገባል። የት እንደሚሸጥ የቀበሌያችሁን የግብርና ጣቢያ ጠይቁ። ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ፤ መጥተው አስተሳሰሩን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። የእኛዋ ሳትለመን መጥታለች፤ እግዜር ይስጥልን።