ወረቀቱን የተካው የባች መዝገብ ሶፍትዌር፦ ከጎንደር ሳኒታይዘር ማምረቻ የተሰጠ አስተያየት

አዘዞ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሳኒታይዘር ማምረቻ በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ስለምገኝ፣ ድርጅቱ የባች መዝገቡን፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚመረተው ምርት (ባች) እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዛወረበትን ሶፍትዌር በየዕለቱ እጠቀማለሁ። ሻጩ ገና እያሻሻለው በመሆኑ ስሙን አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ነገር ለመግዛት የሚያስብ አምራች ግን የት የት ላይ መፈተሽ እንዳለበት ላመለክት እወዳለሁ።

ሶፍትዌሩ የተከፈለበትን ዋጋ የሚያወጣው በልኬትና በቅልቅል ክፍል ነው። የምናመርተው በዓለም ጤና ድርጅት የኢታኖል ቀመር ሲሆን፣ ለ10 ሊትር ምርት 96 በመቶ የሆነ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር እና 98 በመቶ የሆነ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር ገብቶ ቀሪው በተጣራ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሞላል። የሚቀርብልን አልኮል ግን ሁልጊዜ 96 በመቶ ሆኖ አይገኝም። 94 በመቶ ሆኖ ሲመጣ የኢታኖሉ መጠን ወደ 8,511 ሚሊ ሊትር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህንንም ቀድሞ ቀላቃዩ በካልኩሌተር አስልቶ በቅጹ ኅዳግ ላይ ይጽፈው፣ ተቆጣጣሪውም እንደገና አስልቶ ይፈርምበት ነበር። አሁን የላቦራቶሪው ውጤት እንደተመዘገበ መጠኑ ተሰልቶ ቀላቃዩ በያዘው ታብሌት ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው ሰው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ካላረጋገጠ በቀር ቀጣዩ እርምጃ አይከፈትም። ምርቱ ከታሸገ በኋላ በአልኮሉ ወይም በጠርሙሱ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ ስፖሮች (አልኮል የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች) እንዲጠፉ ተለይቶ የሚቆይበት 72 ሰዓት ሳይሞላም ማንም ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ ባቹን ለሽያጭ መልቀቅ አይችልም።

የተስተካከለ ቁጥር ሲኖር የቀድሞው ሳይጠፋ ከነምክንያቱ ይቀመጣል፤ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ግን ነጥብ ብቻ ቢቀመጥበትም ያልፋል፣ ይህም ከወረቀቱ ስርዝ ድልዝ ብዙም የተሻለ አይደለም።

ዋናው ጉድለት መብራት ሲጠፋ ይታያል። ታብሌቱ በባትሪ ሥራውን ቢቀጥልም ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ ስለሚጠፋ፣ ቀላቃዩ የሞላው ሁሉ እዚያው ታብሌቱ ላይ ይቆይና መብራት ሲመጣ ይተላለፋል። ሶፍትዌሩ ታዲያ የሚመዘግበው ሥራው የተሠራበትን ሰዓት ሳይሆን መረጃው ሰርቨሩ ላይ የደረሰበትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የመረጃ ተአማኒነት መመሪያ ማንኛውም ሥራ በተከናወነበት ጊዜ እንዲመዘገብ ስለሚጠይቅ፣ ግሊሰሮሉ ከኢታኖሉ ጋር በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደተጨመረ የሚያሳይ መዝገብ ለኢንስፔክተር ማቅረብ ያስቸግራል። ሻጩ እስኪያስተካክለው ድረስ መብራት በጠፋበት ሰዓት የምንሠራው ጥራት ክፍሉ ቁጥር ሰጥቶ በሚያወጣው የወረቀት ቅጽ ነው፤ ቅጹም ስካን ተደርጎ ከባቹ ጋር ይያያዛል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ለሰርቨሩ ብቻ መግዛት እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሰዓት አቆጣጠሩም ያወዛግባል። ቀላቃዩ በማስታወሻው ቦታ «8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሶፍትዌሩ አጠገቡ 14፡00 ብሎ ያስቀምጣል፤ ለእኛ ግልጽ ነው፣ ከውጭ ለሚመጣ ኦዲተር ግን አይደለም። የወራቱ ዝርዝር ውስጥ ጳጉሜን የለችም፤ ማሸጊያው ላይ የምናትመው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ ይህኛው እምብዛም አልጎዳንም።

የመብራት መጥፋትን የሚቋቋም ዝግጅት ያለው አምራች ለምርት ክፍሉ ቢገዛው አይቆጭም እላለሁ። ውል ከመፈረሙ በፊት ግን መረጃውን ከሶፍትዌሩ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል መጠየቅ አለበት። የባች መዝገብ ምርቱ የአገልግሎት ዘመኑ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መቀመጥ ሲኖርበት፣ በእኛ ውል መሠረት ግን ክፍያው ሲቋረጥ የሚሰጠን ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ ማን ምን እንደለወጠ የሚያሳየው ታሪክ አብሮ አይወጣም። ለቀጣዩ እድሳት ይህ አንቀጽ እንዲለወጥ በጽሑፍ ጠይቀናል።