ብድሩ፣ ወረፋውና ድምፃችን፦ በሐዋሳ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ግምገማ

በሐዋሳ አቶቴ አካባቢ በሁለት ጠባብ ክፍሎች የሚሠራው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ከውጭ ሲታይ ገንዘብ ቤት አይመስልም። በአንድ ወገን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በሌላው ወገን የሴቶች ፀጉር ቤት ይዋሰኑታል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ኦቨርሎክ ማሽኔን የገዛሁት ከዚህ ማኅበር በተበደርሁት ብር ነው። ደንበኞቼ ልብስ ሊያስለኩ ሲመጡ «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ጽፌዋለሁ።

አባል የሚሆን ሰው የመመዝገቢያ ይከፍላል፣ ቢያንስ አንድ ዕጣ ይገዛል፣ በየወሩም ሳያቋርጥ ይቆጥባል። ብዙ ሰው ዕጣንና ቁጠባን ያምታታል። ቁጠባ ተቀማጭ ነው፤ ወለድ ይታሰብለታል። ዕጣ ግን የባለቤትነት ድርሻ ነው፤ ማኅበሩ ሲያተርፍ ትርፍ ይከፈልበታል፣ ሲከስርም ኪሳራው ይነካዋል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ለባንኮች ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ የእኛ ማኅበር ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይከፍላል። ወለድ ብቻ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ግን ልዩነቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

እኔን የያዘኝ ብድሩ ነው። ሌላ ቦታ ጠይቄ የነገሩኝ ወለድ ዕዳው እየቀነሰም ቢሆን ሁልጊዜ በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚሰላ ነበር። እዚህ የሚሰላው በቀሪው ዋና ገንዘብ ላይ ነው። አንድ ሰው 60,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ12 ወር ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ስሌት ወለዱ 9,000 ብር ይሆናል። ዋናውን በየወሩ እኩል እየከፈለ በቀሪው ላይ ብቻ ሲታሰብ ግን 4,875 ብር ነው። የወለዱ መጠን በስም አንድ ሆኖ ሳለ በኪስ ላይ ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። ገንዘብ ያዧ ክፍያ በተቀበለች ቁጥር ደብተሩን ወደ እኔ አዙራ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መስመሩን እየተከተለች «እትዬ፣ ይህ ወለድ ነው፤ ይህ ከዋናው የተቀነሰ ነው፤ ይህ ደግሞ የቀረብዎት ነው» ትለኛለች። ያልገባው ሰው ቢያስደግማት አይከፋትም። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ብዙ ቦታ አላየሁም።

ለብድሩ ሁለት አባላት ዋስ ሆኑልኝ፣ የማሽኑንም ፕሮፎርማ አቀረብሁ። የብድር ኮሚቴው በወር ስንት ቀሚስ እንደምሰፋ ሳይቀር ጠየቀኝ። ጥያቄው አልከበደኝም፤ የሚያበድሩኝ የጎረቤቶቼን ገንዘብ ነውና መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ዕጣ ማብዛት ድምፅ አያበዛም። ከጠቅላላው የተከፈለ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ መያዝም ክልክል ነው። ይህ ሕግ በተግባር ምን እንደሚመስል ያየሁት ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው አንድ አባል የብድሩ ጣሪያ ከፍ እንዲል ጠየቁ። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ተነሥተው «ጣሪያው ከፍ ሲል አምስት ሰው ሣጥኑን ይጨርሰዋል፤ እኛ መስከረም ላይ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ከየት እናምጣ?» አሉ። እጅ ተቆጠረ፣ ጣሪያው ባለበት ጸና። ነጋዴው ውጤቱን ተቀብለው እስከ ስብሰባው መጨረሻ ተቀመጡ። በዚያ አዳራሽ የሴትዮዋ እጅ ከነጋዴው እጅ እኩል መቆጠሩ ለእኔ ከማንኛውም የትርፍ ክፍፍል ይበልጥብኛል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። የሚበደረው አባላት የቆጠቡት ብቻ ስለሆነ በትምህርት መክፈቻና በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን ወረፋው ይረዝማል፤ የተፈቀደለት ሰው ሳይቀር ይጠብቃል። ሒሳቡ አሁንም በመዝገብ ስለሚሠራ ቀሪ ሒሳብን በስልክ ማወቅ አይቻልም። ከሁሉ የከፋው ግን የኦዲቱ መዘግየት ነው። የዓመቱ ሒሳብ ሳይመረመር ቆይቶ የትርፍ ክፍፍሉም አብሮ ተጓተተ። ይህን በዝምታ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ባንክና ማይክሮ ፋይናንስ ውስጥ ያለ ተቀማጭ በኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ሲሸፈን፣ የእኛ ቁጠባ በዚያ ሽፋን ውስጥ የለም። ጠባቂያችን በጊዜው የተሠራ ኦዲትና የነቃ የቁጥጥር ኮሚቴ ብቻ ነው።

በዚያው ጉባኤ አንድ ወጣት «ለምን ራሳችን ባንክ አንሆንም?» ብሎ አዳራሹን አስጨበጨበ። ምኞቱን እወደዋለሁ፤ ሒሳቡ ግን አስቸጋሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለባንክ የሚጠይቀው የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ነው። 2,000 አባላት ቢኖሩን እንኳ ለእያንዳንዳችን 2.5 ሚሊዮን ብር ይደርሰናል። ማኅበራት ተባብረው ባንክ ማቆም እንደሚችሉ በ1997 ሥራ የጀመረው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ አሳይቷል። ሆኖም ባንክ የሚቆመው በአክሲዮን ማኅበርነት ነው፤ እዚያ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ልክ ነው። እኛ ደግሞ የገባነው ድምፃችን እኩል እንዲሆን ነው። ስለዚህ ለእኔ የሚሻለው ከሌሎች የከተማው ማኅበራት ጋር ዩኒየን መመሥረት ነው፤ አንዱ ዘንድ ወረፋ ሲረዝም ሌላው ዘንድ የተረፈው ብር ይሠራል። አዋጁም ይህን ይፈቅዳል። እስከዚያው አቅም ያለው አባል ከአንድ ዕጣ በላይ ቢገዛ የብድር ሣጥኑ ይሰፋል፤ እኔም ከማሽኑ ገቢ ጨምሬ ገዝቻለሁ።

ታዲያ ማን ይግባ? ሳያቋርጥ መቆጠብ የሚችልና ለብድር ወራት መጠበቅ የማይከብደው ሰው ይግባ። ለነገ ጠዋት ብር የሚያስፈልገው ሰው ግን እዚህ አያገኝም። ዋስ የሚሆንም ሰው ተበዳሪው ከፍሎ እስኪጨርስ የራሱ ቁጠባ እንደሚያዝ አውቆ ይፈርም።

ለነባር አባላት አንድ ነገር ልጨምር። በሚቀጥለው ጉባኤ የኦዲት ሪፖርቱ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ በቢሮው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምትደግፉኝ ከወዲሁ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በአጀንዳ እንዲያዝልን።