ኦቴሎ በአማርኛ፦ ኢያጎ ግን ለምን?

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን የሼክስፒር ተውኔት ኦቴሎ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በ400 ብር ገዛሁት። ፎቶ ኮፒ ነው። ወደ መጨረሻው ቀለሙ ስለደበዘዘ መስኮት ጋ ተጠግቼ ነው የጨረስኩት፤ ስትገዙ የኋላ ገጾቹን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ንባቡ ግን ከዋጋው በላይ ነው። የጸጋዬ ቃል ክብደት አለው፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

እኔን የያዘኝ ኢያጎ ነው፤ የጦር አዛዡን ኦቴሎን ሚስቱን እንዲጠረጥር አድርጎ የሚያጠፋው የበታቹ። ብዙ ሰው «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። አፉ ቅቤ አይደለም። ሻካራ ወታደር ነው፣ ሰው ፊት ሴቶችን ያጥላላል፣ ሁሉም «ታማኙ ኢያጎ» የሚሉትም የመጣለትን የሚናገር ስለሚመስላቸው ነው።

ከኦቴሎ ምክትልነት የተሻረው ካሲዮ፣ የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና እንድታማልደው ሲለምናት ቆይቶ ኦቴሎ ሲመጣ አፍሮ ሹልክ የሚልበትን ቦታ ደጋግማችሁ አንብቡት። ኢያጎ ለራሱ እንደሚያወራ ይሄ ነገር ደስ እንዳላለው ያጉተመትማል። ምን አልክ ሲባል፣ ምንም! ከዚያ በኋላ ለማኙ ኦቴሎ ነው፣ ንገረኝ እያለ። ኢያጎ ደግሞ ሰው ማማት የከበደው መስሎ ዝም ይላል። ኢያጎ ለሐሰት ማስረጃ የሚጠቀምበት፣ እንጆሪ የተጠለፈበት የዴዝዴሞና መሀረብ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ጥርጣሬው ያኔ ሥር ሰዷል።

ለምን ይሄን ሁሉ አደረገ? ሹመቱ ለካሲዮ ተሰጠብኝ ይላል። ኦቴሎ ሚስቴን ነክቷል ይላል፣ ማስረጃ የለውም። ትንሽ ቆይቶ ካሲዮንም በሚስቱ ይጠረጥራል። በእውነት የተበደለ ሰው አንዷን በደል ይዞ ነው ሌሊቱን ሲብሰለሰል የሚያድረው፤ ይሄኛው ግን ምክንያት ይቀያይራል። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው በ1565 እ.ኤ.አ. ከታተመው የጣሊያናዊው ጸሐፊ የቺንቲዮ ትረካ ነው። እዚያ ሴረኛው ዴዝዴሞናን ወዶ ፊት ስለነሳችው ነው የሚነሳባት። ሼክስፒር ይህን ግልጽ ምክንያት ወደ ዳር ገፋው፣ ፍርሃቱም ከዚያ ይመጣል። ለእኔ ቁልፉ አምስተኛው ገቢር ላይ ነው። ኢያጎ የካሲዮ ኑሮ ውበት እሱን አስቀያሚ እንደሚያደርገው ለራሱ ያምናል። ምቀኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በመጨረሻ ኦቴሎ ለምን እንዲህ እንዳደረገው ይጠየቅልኝ ሲል፣ ኢያጎ ምንም አትጠይቁኝ፣ የምታውቁትን ታውቃላችሁ ብሎ አፉን ይዘጋል። ሚስቱን ኤሚሊያን በገዛ እጁ ገድሏል፣ ዴዝዴሞና አልጋው ላይ ሞታለች፣ እሱ አንዲት ቃል አይወጣውም። እኔ ቅጂ ላይ ያቺ መስመር ጨርሳ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም ነበር፤ በእርሳስ ደግሜ ጻፍኩባት።