ጠመንጃዬን ላዳኑልኝ የእንጨት ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ትልቅ ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የእንጨት ባለሙያ ናቸው፤ የጠመንጃ ሰደፍ ያድሳሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። ሥራቸውን ግን ልንገራችሁ።

ከአባቴ የወረስኩት የአደን ጠመንጃ አለኝ። ሰደፉ ዋልነት ከሚባል ዛፍ እንጨት የተሠራ ነው። መልኩ ደብዝዞ ስለነበር ራሴ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ፕላስቲክ መሰል ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ መስታወት አበራ። የዝናቡ ወቅት ሲያልፍ ግን ቅቡ ከቃታው በላይ ባለው በኩል ይላጥ ጀመር። ጥይቱም ከለመደው ቦታ ወደ ጎን መምታት አመጣ። ያሳየሁት አንድ ሰው «በርሜሉ አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ልቀይረው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ጋሼ መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ራሳቸው ከፍተው አዩ። ከዚያ ቀጭን ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብተው ሳቡት። በቀኝ በኩል ሰተት ብሎ አለፈ። በግራ በኩል ተያዘ። «በርሜሉ ጤነኛ ነው ልጄ» አሉኝ። «እንጨቱ ነው ውሃ ጠጥቶ የተጣመመው። በርሜሉን እየገፋብህ ነው።»

ቀጥለው ከሰደፉ ጫፍ ላይ ያለውን የጎማ መደገፊያ ፈቱት። ከሥሩ ያለው እንጨት አንዲት ጠብታ ቅብ አልነካውም። በርሜሉ የሚተኛበት ቦይም እንዲሁ ራቁቱን ነው። እንጨት ዛፍ ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ በቁመቱ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ በተቆረጠው ጫፍ አፋቸው ክፍት ነው። እርጥበት ከጎን ይልቅ በዚያ በኩል በጣም ፈጥኖ ይገባል። እኔ ግድግዳውን ስቀባ በሩን ክፍት ትቼው ነበር ማለት ነው።

የመላጡ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የጠመንጃውን ብረት የማይደርቅ የጠመንጃ ዘይት ቀብቼ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጌ ነበር የማቆመው። ዘይቱ ቀስ እያለ ወርዶ እንጨቱ ውስጥ ሰረገ። እንዲህ ያለ ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ደግሞ ቅብ አይዝም፤ እንጨቱም እየዋለ እያደር ይለሰልሳል። ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት!

«ምን ልቀባው?» ስላቸው መልሰው እኔን ጠየቁኝ። «ዝናብ ላይ ትወጣበታለህ? ጭረት ሲያገኘው ራስህ ልትጠግነው ትፈልጋለህ?» ሁለቱንም አዎ አልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዱኝ። የተልባ ዘይት ሞቅ ያለ ውብ መልክ ይሰጣል፤ እርጥበት በመከልከል ግን ደካማ ነው። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ስለተጨመረበት ይፈጥናል። ሽላክ፣ ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው ቅብ፣ ውሃ ሲቆይበት ነጭ ምልክት ያወጣል። ሰም ማሳመሪያ ነው እንጂ ብቻውን ጋሻ አይሆንም። ፖሊዩሬቴን ውሃን በደንብ ይከላከላል፤ ሲጫር ግን ጭረቱን ብቻ ነጥሎ መጠገን ከባድ ነው። ታንግ ዘይት፣ ታንግ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚጨመቀው፣ ከተልባው ይልቅ ውሃ ይችላል፣ ሲጫርም በጨርቅ እንደገና ማሸት ነው። የትኛውም ቅብ ግን እርጥበትን ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም።

የወሰኑት ውሳኔ እስካሁን ይደንቀኛል። ለሚታየው አካል ታንግ ዘይት። ለማይታየው፣ ማለትም ለጫፉና ለበርሜሉ ቦይ፣ በቲነር የቀጠነ ፖሊዩሬቴን። እኔ ያለቦታው የቀባሁትን እሳቸው ቦታው ላይ አዋሉት።

ሥራው ጊዜ ወስዷል። አሮጌውን ቅብ አነሱ። ዘይት የጠጣውን ክፍል በአሴቶን የራሰ ነጭ የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየለጠፉ፣ ዱቄቱ መጥቆር እስኪያቆም ደጋግመው መጠጡት። እንጨቱ እስኪደርቅ ጠብቀው ቦይውን በጥቂቱ ፋቁ። ከዚያ ሰደፉን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፣ ሲደርቅ እንደ ፀጉር የቆመውን የእንጨት ጭረት በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አነሱት። ዘይቱን የቀቡት በጣም ስስ አድርገው ነው። የተረፈውን ይጠርጉታል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ። ሰባት ጊዜ። «ወፍራም ቅብ የችኩል ሰው ነው» ይላሉ። ካለቀ በኋላም አንድ ወር ያህል ዝናብ እንዳላስነካው አደራ አሉኝ፤ ዘይቱ በደንብ እስኪጠና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም ላስተላልፍ። የተልባም ሆነ የታንግ ዘይት ያበሳችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጋሼ እያንዳንዱን ጨርቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሲደክማቸውም አይዘሉትም።

አሁን ወረቀቱ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ጥይቱም ወደ ቦታው ተመልሷል። ጠመንጃውን ዘይት ስቀባው አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ አቆመዋለሁ።

ሰደፍ የሚያሳድስ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጋሼን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሌላ ባለሙያ ጋር ብትሄዱ ደግሞ መደገፊያውን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ማየቱን ተመልከቱ።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ካነበቡልዎ፣ የአባቴ እጅ ያረፈበትን እንጨት አትርፈውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።