ከፓናማ ደሴት ለጅማ ክፍል የደረሰ የዛፍ ቆጠራ፦ የባሮ ኮሎራዶ መረጃ ግምገማ

የደን ጥናት ለሚያደርግ ሁሉ ይህን አገልግሎት ሳላመነታ እመክራለሁ። በፓናማ የባሮ ኮሎራዶ ደሴት የምርምር ጣቢያ የ50 ሄክታር ደን ቆጠራ ያለ ምንም ክፍያ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ጅማ የደን ሥነ ምህዳር አስተምራለሁና ከተማሪዎቼ ጋር ዘወትር እንሠራበታለን።

ደሴቲቱ ቀድሞ ኮረብታ ነበረች፤ ለፓናማ ቦይ ሲባል የቻግረስ ወንዝ ተገድቦ የጋቱን ሐይቅ ሲሞላ በውኃ ተከበበች። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1980 ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ሃቤልና ሮቢን ፎስተር 1,000 ሜትር በ500 ሜትር የሆነ ቦታ ከልለው ጥናቱን ጀመሩ። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ግንድ ሁሉ ይለካል፣ ዝርያው ይለያል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል። ከ1985 ወዲህ ቆጠራው በየአምስት ዓመቱ ተደግሟል። ድራያድ በተባለው የመረጃ ማከማቻ እስከ 2015 ድረስ የተካሄዱት ስምንት ቆጠራዎች ይገኛሉ።

ሰንጠረዡ ሲከፈት የዛፉ ቁጥር፣ በስድስት ፊደል ያጠረ የዝርያ ስም፣ የቆመበት ቦታ፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትርና የተለካበት ቀን ተደርድረው ይታያሉ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ልኬቱ የተወሰደበት ከፍታ የተጻፈበትን ዓምድ ነው። ደንቡ 1.3 ሜትር ላይ መለካት ነው፤ ደጋፊ ሥር (ከግንዱ ግርጌ እንደ ግድግዳ ወጥቶ ዛፉን የሚደግፍ ሥር) ያለው ዛፍ ግን ከዚያ ሥር በላይ ይለካል። ደጋፊው ሥር ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ስለሚያድግ የመለኪያው ቦታም ከፍ ይላል። ከፍታው ካልተመዘገበ እያደገ ያለ ዛፍ የቀጠነ መስሎ ይታያል! በበለጤ ደን ውስጥ ትልቅ ቀረሮ የለካ ሰው ጉዳዩን በሚገባ ያውቀዋል። ተማሪዎቼም አሁን ከፍታውን በየመዝገባቸው ይጽፋሉ፤ የለኩበትንም መስመር በቀለም ያሰምራሉ።

የሞተ ዛፍም ከመዝገቡ አይሰረዝም፤ መሞቱ ተጽፎ ይቆያል። ከ1982–83ቱ የኤልኒኞ ድርቅ በኋላ የትኞቹ ዝርያዎች ክፉኛ እንደተጎዱ ማንም ራሱ ማስላት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆጠራዎች (በ1985ቱና ከእሱ በፊት በነበረው) ከ55 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ግንዶች ውፍረት በ5 ሚሊ ሜትር ደረጃ ወደ ታች ተጠጋግቶ ነው የተጻፈው። ይህን ሳያስተካክል የ1985ን ከ1990 የሚያወዳድር ሰው ችግኞቹ ከእውነታው በላይ ያደጉ ይመስሉታል።

ለእኛ አካባቢ የሚጎድለውም ግልጽ ነው። ጅማ ዙሪያ ገበሬው ለቡናው ሲል ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለውን ይመነጥራል፤ ለጥላ ሰሳና ዋንዛ ያስቀራል። ባሮ ኮሎራዶ ግን የተጠበቀ ደን ነው፤ የደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታም 200 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የዛፎቹን የዕድገትና የሞት መጠን እንዳለ ወስዶ በቡና ደናችን ላይ መጫን አይገባም። ከዚያ መውሰድ ያለብን የአለካክ ሥርዓቱን ነው።

ፋይሎቹ የተዘጋጁት አር ለተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስለሆነ እሱን ያልለመደ መጀመሪያ ላይ ይቸገራል። የዝርያዎቹ ሙሉ ስም በሌላ ሰንጠረዥ ስላለ አብሮ ማውረድ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ አንድ ሰው ያውርደውና በፍላሽ ይዳረስ፤ እኛ ዘንድ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ጀማሪ ከ2010ና ከ2015 ቆጠራዎች ይነሳ፤ የማጠጋጋቱ ችግር እነዚህን አይነካቸውም።